ለትንሽ ፍሬዛ የተሻለ ቦሪንግ ሄድ፦ ምን እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚገጠም

ቦሪንግ ሄድ የተበሳ ቀዳዳን በአንድ ስለት አስፍቶ ልክ የሚያመጣ፣ የፍሬዛው ስፒንድል (የሚሽከረከረው ዘንግ) ላይ የሚገጠም ዕቃ ነው፤ ስለቱን የያዘው ባር የሚታሰርበትን ስላይድ ዳያሉ ወደ ጎን ያንቀሳቅሰዋል። ጥሩ መሆኑን ለማወቅ አንድ ፈተና ይበቃል። ሄዱን ስፒንድሉ ላይ ግጠሙት። የዳያል ኢንዲኬተሩን (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ጫፍ ስላይዱ በሚሄድበት አቅጣጫ የባሩ ጎን ላይ አሳርፉና ዜሮ አድርጉት። ከዚያ የስላይዱን መቆለፊያ ብሎን አጥብቁ። መርፌው ከ0.005 ሚሜ በላይ ካልተነቃነቀ ሄዱ ደህና ነው። 0.03 ወይም 0.05 ከዘለለ ግን በየቆረጣው ይዋሻችኋል፤ በሬዲየስ የዘለለው በዲያሜትር እጥፍ ይሆናልና 0.05 የነበረው 0.1 ሚሜ ሆኖ ይመጣል። ለኩሽኔታ መቀመጫ ይህ ሥራውን ማበላሸት ነው።

ከትንንሽ የጠረጴዛ ፍሬዛዎች ጋር በጥቅል የሚሸጡት ርካሽ ሄዶች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ብረታቸው አይደለም ችግሩ። የስላይዱ ዶቭቴል (ጎኑ ገደድ ብሎ የተቆረጠው መንሸራተቻ) በደንብ አልተፈጨም፣ ጂቡ ቀጥ አላለም፣ ዳያሉን የሚያዞረው ብሎን ጥርሱ ላይ ይላላል። (ጂብ ስል በስላይዱና በአካሉ መካከል የሚገባውን ቀጭን ማጥበቂያ ብረት ነው፤ ከአውሬው ጋር የሚያገናኘው ቢኖር ሲላላ የሚያመጣው ጥፋት ብቻ ነው።)

በአንጻሩ ሰው የሚጨነቅበት ግን የማያስጨንቅ ነገር አለ፦ ሄዱ ከስፒንድሉ ማዕከል መውጣቱ። አዲሱን ሄድ ገጥመው ዙሪያውን በኢንዲኬተር ሲለኩ 0.1 ሚሜ ሲያዩ ዕቃውን ለመመለስ የሚሮጡ አሉ። ሄዱ ላይ ያለው ስለት አንድ ነው። አካሉ የትም ይቀመጥ የት የስለቱ ጫፍ የሚዞረው በስፒንድሉ ማዕከል ዙሪያ ስለሆነ የሚወጣው ቀዳዳ ክብ ነው፤ የአካሉ መዛነፍ ዳያሉ ላይ በምትሰጡት ማስተካከያ ይዋጣል። ስለዚህ ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለሦስት ነገር ነው፦ ሲቆለፍ ለማይነቃነቅ ስላይድ፣ እውነቱን ለሚናገር ዳያል እና ለአጭር ቁመት።

ትልቅ የተሻለ አይደለም

ለጠረጴዛ ፍሬዛ የሚመጥነው 50 ሚሜ ሄድ ነው። 75 ሚሜው ወፍራም ባር ስለሚይዝ ያማልላል፤ 50ው በተለምዶ 12 ሚሜ ወይም ግማሽ ኢንች (12.7 ሚሜ) ባር ሲይዝ 75ው 18 ሚሜ ወይም ሦስት አራተኛ ኢንች ይይዛል። ግን ክብደቱን አስሉት። ዲያሜትሩ 50 ቁመቱም 50 ሚሜ የሆነ ድፍን የብረት ሲሊንደር ወደ 0.77 ኪሎ ይመዝናል። ዲያሜትሩ 75 ቁመቱ 65 የሆነው 2.25 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ያ ሁሉ ክብደት የሚንጠለጠለው በትንንሽ ኩሽኔታዎች በተያዘ ስፒንድልና በቀላሉ በሚንቀጠቀጥ ዓምድ ላይ ነው።

ከክብደቱ የሚብሰው ሚዛን ማጣቱ ነው። ስላይዱ ከማዕከል ሲወጣ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላል፤ የሚፈጠረው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። 0.3 ኪሎ የሆነ ስላይድ ከባሩ ጋር ከማዕከል 5 ሚሜ ቢወጣ በ500 ዙር በደቂቃ 4 ኒውተን ገደማ ይጎትታል። በ1000 ዙር 16፣ በ2000 ዙር 66 ኒውተን ይሆናል። በ500 ዙር ጸጥ ያለ ማሽን በ2000 ዙር ጠረጴዛው ላይ የሚጨፍረው ለዚህ ነው።

የዳያሉን አከፋፈልም ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ። አንዳንዱ ዳያል አንድ መስመር የሚቆጥረው የስላይዱን እንቅስቃሴ ነው፤ አንዱ መስመር 0.01 ከሆነ ዲያሜትሩ በ0.02 ያድጋል። አንዳንዱ በቀጥታ ዲያሜትር ነው የሚያነበው። የኢንች ሄድ ከሆነ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር በዲያሜትር አንድ ሺኛ ኢንች፣ ማለትም 0.0254 ሚሜ ነው። የሻጩን ወረቀት ከማመን ስላይዱን በኢንዲኬተር እየለካችሁ 10 መስመር አዙሩና ምን ያህል እንደሄደ እዩ። የተገኘውን ቁጥር ሄዱ ላይ በማይጠፋ ቀለም ጻፉት፤ ከስድስት ወር በኋላ አታስታውሱትም።

ሻንኩና ጥርሱ

የጠረጴዛ ፍሬዛዎች ስፒንድል ሾጣጣ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ሞርስ 2፣ ሞርስ 3 ወይም አር8 የሚባለው ዓይነት ነው። ሻንኩ (ስፒንድሉ ውስጥ የሚገባው ጭራ) ከሄዱ ተለይቶ የሚሸጥ ከሆነ ሁለት ጥርሶች መግጠም አለባቸው፤ አንዱ ከሄዱ ጋር፣ ሌላው ከድሮባሩ (ሻንኩን ከላይ ስቦ ከሚይዘው ረጅም ብሎን) ጋር።

በሄዱ በኩል ብዙዎቹ 50 ሚሜ ሄዶች 7/8 ኢንች 20 ጥርስ (በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ማለት ነው) ናቸው። 75 ሚሜዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ 1 ከ1/2 ኢንች 18 ጥርስ ናቸው። የሜትሪክ ጥርስ ያላቸውም አሉና ሻንክ ከማዘዛችሁ በፊት በካሊበርና በጥርስ መለኪያ አረጋግጡ። በድሮባሩ በኩል አር8 መነሻው 7/16 ኢንች 20 ጥርስ ነው፤ ሆኖም ኤም12 (የ12 ሚሜ ሜትሪክ ጥርስ) የተደረገበት አር8 ሻንክ ገበያ ላይ አለ። ሞርስ 3 በኤም12ም በ3/8 ኢንች 16 ጥርስም ይመጣል። አደጋው ያለው 7/16 ድሮባር ኤም12 ሻንክ ውስጥ ሲገባ ነው። ዲያሜትሩ 11.1 ሚሜ ስለሆነ ይገባል፣ አንድ ሁለት ጥርስ የያዘም ይመስላል። ግን የአንዱ ጥርስ ርቀት 1.27 የሌላው 1.75 ሚሜ ነው፤ ከላይ ስታጠብቁት ጥርሱን ይበላና ሄዱ በሥራ መሐል ይወድቃል።

ሻንኩ ከአካሉ ጋር ተሠርቶ አንድ ወጥ የሆነ ሄድ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። የሚላላ መጋጠሚያ የለውም፣ ቁመቱም ያጥራል። ለየብቻ ከሆነ ግን ሻንኩ መጨረሻ ድረስ ሲገባ ትከሻው የአካሉን ፊት ዙሪያውን መንካት አለበት። ጥርሱ ሳይሆን ትከሻው ነው ሄዱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው። የአካሉን ፊት በዘይት ድንጋይ ጠርጉ፣ የጥርሱን አፍ ላይ የቀረ ሹል ካለ አንሱ፣ ጥርሱን ከዘይት አጽድታችሁ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የጥርስ ማጣበቂያ ቀቡና አጥብቁ። በጎን መያዣ ብሎን ካለው ከሥሩ ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አስገቡ፤ አለበለዚያ የሻንኩን ጥርስ ያቆስላል። ጥርሱ ቀኝ ስለሆነ ስፒንድሉ ወደፊት ሲዞር መቆረጡ ራሱ ያጠብቀዋል። ወደኋላ ሲዞር ደግሞ ይፈታዋል፤ ይህን ከታች እመለስበታለሁ።

ከመግጠም በፊት መፍታት

አዲስ ሄድ እንደመጣ አይገጠምም። ከፋብሪካ የሚመጣበት ወፍራም ግራሶ ውስጥ የመፍጫ ድንጋይ ብናኝና የብረት ፍቅፋቂ ይቀራል፤ እሱ ጋር ስላይዱን ብታመላልሱ ዶቭቴሉን በአንድ ቀን ታስረጁታላችሁ። የጂቡን ብሎኖች አላሉ፣ የዳያሉን ብሎን እስከ ጫፍ አውጡ፣ ስላይዱን ጎትቱ። ሁሉንም በላምባ እጠቡና አድርቁ።

አሁን ስላይዱን ተመልከቱት። የዶቭቴሉ ጠርዞች ላይ ጣት የሚይዝ ሹል ካለ በጥሩ የዘይት ድንጋይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አሻሹት። ፊቱን አትንኩ፣ ጠርዙን ብቻ። ቀጥሎ የአካሉን ዶቭቴል በሰማያዊ ማመልከቻ ቀለም እጅግ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ስላይዱን ያለ ጂብ አስገብታችሁ ወደ ጎን እየጫናችሁ አመላልሱና አውጡ። ቀለሙ በሁለቱም ጫፍና በመሐል ከታየ መልካም ነው። በመሐል ብቻ ከታየ ስላይዱ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፤ ይህን በብሎን ማጥበቅ አያድነውም፣ ሄዱን መመለስ ይሻላል። በጫፎቹ ብቻ ከታየ ግን አያስቸግርም።

ጂቡን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡና ጫፍና ጫፉን ተጫኑ። ከተወዛወዘ ጠማማ ነው። 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርግታችሁ በዘይት በማሻሸት ማስተካከል ይቻላል፤ ከስላይዱ ጋር የሚነካካውን ፊት ብቻ። የብሎኖቹ ጫፍ ጂቡ ላይ የሚያርፍበት ጉድጓድም መኖር አለበት። ጉድጓድ ከሌለው ጂቡ ስላይዱ ሲሄድ አብሮ ይንሸራተታል፤ መቆለፍ ላይ የምታዩት ዝላይ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ጂቡን በቦታው አድርጋችሁ በብሎኑ ቀዳዳ በኩል በሚያልፍ ፑንታ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ጠለቅ ያለ ምልክት አውጡለት።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ቀጭን የማሽን ዘይት እንጂ ግራሶ አትጠቀሙ። አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ደረስን። በብዙ ሄዶች በጎን ሦስት ብሎን አለ፤ ሦስቱም መቆለፊያ ይመስላሉ። ናቸው ግን? የዳርና የዳሩ ማስተካከያ ናቸው፣ የመሐሉ ብቻ ነው መቆለፊያው። ሁለቱን የዳር ብሎኖች ስላይዱ ዳያሉን ስታዞሩ እኩል እየከበደ እስኪሄድ፣ በእጅ ወደ ጎን ስትወዘውዙት ምንም እስከማይሰማ ድረስ አጥብቁና ለዘለዓለሙ ተዉአቸው። ከንዝረት እንዳይላሉ ለስላሳ የጥርስ ማጣበቂያ ጠብታ ማድረግ ይበጃል። በየቆረጣው የሚፈታውና የሚጠብቀው የመሐሉ ነው። በየጊዜው ሦስቱንም የሚያጠብቅ ሰው በየጊዜው የተለየ ቦታ ላይ ነው የሚቆልፈው።

ከዚህ በኋላ መጀመሪያ ላይ ያልነውን ፈተና ድገሙ። አሁንም ትንሽ የሚዘል ከሆነና ዝላዩ በየጊዜው እኩል ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ 0.01 ወደ ውጭ፣ ከእሱ ጋር መሥራት ይቻላል፤ ቁጥሩን አውቃችሁ ትቀንሳላችሁ። እኩል ካልሆነ የዳር ብሎኖቹ ላልተዋል ወይም ጂቡ አልተቀመጠም።

ስፒንድሉ ላይ

ጥሩ ሄድ ላላ ላለ ስፒንድል መድኃኒት አይሆንም። ሄዱን ከመግጠም በፊት ኢንዲኬተሩን የስፒንድሉ አፍ ሥር አድርጉና ከጠረጴዛው ላይ በእንጨት ወደ ላይ አንሱት። 0.02 ሚሜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነሳ መጀመሪያ የኩሽኔታዎቹን ማጥበቂያ ዳዶ አስተካክሉ። የፍሬዛው ጭንቅላት ዓምዱ ላይ የሚንሸራተትበትን ጂብም እንዲሁ።

ሞርስ ሻንክ ሲሆን የሾጣጣውን ግጥጥም በቀለም ፈትሹ። ሞርስ 3 ሰፊው ጫፉ 23.825 ሚሜ ሲሆን በየ19.9 ሚሜው 1 ሚሜ ይቀጥናል። ዋናው ሰፊው ጫፍ መያዙ ነው፤ ቀለሙ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ብቻ ከታየ ሄዱ ከታች እንደ ደወል ምላስ ይወዛወዛል፣ ቆረጣው ላይም ይጮኻል። ስፒንድሉ ውስጥ የተጣበቀ ነገር ካለ በጨርቅ ጥረጉና ድገሙ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቆሻሻ ነው።

ሞርስ ሾጣጣ በራሱ ይነክሳል፣ ስለዚህ ድሮባሩን መግደል አያስፈልግም። ባጠበቃችሁት መጠን ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው መዶሻ ይበረታል፤ ያ ምት ደግሞ የሚያርፈው ስፒንድሉን በያዙት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። በየቀኑ የሚመታ ስፒንድል ከጊዜ በኋላ በእጅ ሲዞር ቆጠር ቆጠር ይላል፤ የኩሽኔታው መንገድ ተጎድጉዷል ማለት ነው። ድሮባሩ ሲፈታ ራሱ ሻንኩን ወደ ታች እንዲገፋ ከላይ የሚይዘው ክዳን ማበጀት ለሞርስ ፍሬዛ ከማንኛውም ማሻሻያ ይበልጣል። አር8 እንዲህ አያስቸግርም፤ ሾጣጣው ሰፊ ስለሆነ ድሮባሩ ሲላላ ትንሽ ነካ ብታደርጉት ይለቃል።

ቁመቱን አስቀድማችሁ ለኩ። ሄዱ፣ ባሩ፣ ሞርሳውና ሥራው ሲደመሩ ከስፒንድሉ እስከ ጠረጴዛው ያለው ቦታ ቶሎ ያልቃል። ዓምዱ ክብ የሆነ ፍሬዛ ካላችሁ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በፑንታ ከበሳችሁ በኋላ ለሄዱ ቦታ ለመስጠት ጭንቅላቱን ከፍ ካደረጋችሁ ማዕከሉ ይጠፋል። መፍትሔው አጭር ፑንታ መጠቀምና ሁለቱም በኩዊሉ (ስፒንድሉን ይዞ ወደ ታች በሚወርደው ቱቦ) ጉዞ ውስጥ እንዲያልቁ ከመጀመሪያው ማቀድ ነው። ካልሆነ ከቦሪንግ በፊት ማዕከሉን በኢንዲኬተር እንደገና ማግኘት ግድ ነው።

ባሩ

ከሄዱ ጋር በሳጥን የሚመጡት ዘጠኙ ጫፋቸው ላይ ካርባይድ የተበየደባቸው ባሮች ስለታቸው ጨርሶ እንዳልተሳለ ቁጠሩት። በተለይ ለትንሽ ቀዳዳ የሚሆኑት ከስለቱ በታች ያለው ተረከዝ በቂ ስላልተነሳ የቀዳዳውን ግድግዳ ያሻል። ቀዳዳው ከተቆረጠ በኋላ የሚያብረቀርቅ መስመር ካያችሁና ባሩ የሚጮህ ከሆነ ተረከዙን በአረንጓዴ ወይም በአልማዝ ድንጋይ ቀንሱት።

የተሻለው መንገድ ኢንሰርት (በብሎን የሚታሰር፣ የሚቀየር ትንሽ ስለት) የሚይዝ የቶርኖ ቦሪንግ ባር ነው። ሲሲኤምቲ 060204 የሚባለውን ኢንሰርት የሚይዝ 10 ወይም 12 ሚሜ ባር ለ50 ሚሜ ሄድ ይበቃል። ለአሉሚኒየም የተወለወለውንና ስለታሙን ሲሲጂቲ አድርጉበት፤ በነገራችን ላይ ይኸው ኢንሰርት ጉልበት ለሌለው ፍሬዛ ብረት ላይም ቀስ ብሎ ደህና ይሠራል። የሄዱ ቀዳዳ 12.7 ሚሜ ሆኖ ባራችሁ 12 ከሆነ እንዲሁ ወርውሮ በብሎን ማጥበቅ አይሆንም፤ ባሩ በአንድ መስመር ብቻ ይያዝና ይንቀጠቀጣል። በቶርኖ ቡሽ ሥሩለትና በጎኑ ሰንጥቁት።

ርዝመት ሁሉን ይወስናል። ባር የሚለጠጠው (በጎን ሲገፋ የሚጎብጠው ማለቴ ነው) በርዝመቱ ሦስተኛ ኃይል ልክ ሲሆን የሚጠነክረው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ልክ ነው። በቁጥር እንየው፦ 12 ሚሜ የብረት ባር 50 ሚሜ ወጥቶ 100 ኒውተን ሲያርፍበት 0.02 ሚሜ ያህል ይለጠጣል። 8 ሚሜ ባር በዚያው ርዝመትና ኃይል 0.1 ሚሜ ይለጠጣል፤ አምስት እጥፍ። 100 ኒውተን ደግሞ ብረት ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ጥልቀት ይዞ ቀስ ብሎ ሲቆረጥ የሚገኝ ኃይል ነው። ስለዚህ የባሩ የወጣ ርዝመት ከውፍረቱ አራት እጥፍ አይብለጥ። ድፍን ካርባይድ ባር ከብረት ሦስት ጊዜ ያህል ስለሚደነድን እስከ ስድስት እጥፍ ይሄዳል።

ክብ ባር ስትገጥሙ የስለቱን ጫፍ አቅጣጫ በዓይን ግምት አትተዉ። ጫፉ ስላይዱ በሚሄድበትና በስፒንድሉ ማዕከል በሚያልፈው መስመር ላይ መሆን አለበት። በ20 ሚሜ ቀዳዳ ውስጥ ጫፉ ከመስመሩ 2 ሚሜ ቢወጣ ዳያሉ በ2 ከመቶ ይሳሳታል፤ ይህ ትንሽ ነው። ትልቁ ጉዳት የማዕዘኑ ነው፦ ያ 2 ሚሜ ስለቱን ከ11 ዲግሪ በላይ ያዞረዋል። የኢንሰርቱ ክሊራንስ (ከስለቱ በታች ግድግዳውን እንዳይነካ የተነሳው ማዕዘን) ግን 7 ዲግሪ ብቻ ነው። ወደ አንዱ ጎን ከሆነ ክሊራንሱ ያልቅና ኢንሰርቱ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል፤ ወደ ሌላው ከሆነ ስለቱ ይደንዛል። ቀጭን ማስመሪያ በኢንሰርቱ ፊት ላይ አስተኝታችሁ ከስላይዱ ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆኑን እዩ፣ ከዚያ አጥብቁ።

መቁረጥ

ፍጥነቱን ከቀዳዳው ዲያሜትር አስሉ። 40 ሚሜ ቀዳዳ፣ አሉሚኒየም፣ ካርባይድ በደቂቃ 100 ሜትር ቢባል 800 ዙር ገደማ ይወጣል። ብረት ላይ በ60 ሜትር 480 ዙር፤ በሃይ ስፒድ ስቲል ስለት በ25 ሜትር 200 ዙር። ማሽኑ ከመንቀጥቀጥ ካልተወ ስሌቱን ትታችሁ ማሽኑን ስሙት።

አመጋገቡ፣ ማለትም ስለቱ ወደ ታች የሚሄደው፣ በአንድ ዙር ከ0.03 እስከ 0.08 ሚሜ ነው። በ500 ዙር 0.05 ማለት በደቂቃ 25 ሚሜ ነው፤ 30 ሚሜ ጥልቀት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በእጅ ስትመግቡ ከምታስቡት በላይ ቀርፋፋ ነው፤ ሰው ሰልችቶት የሚያፋጥነው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ቆሞ ቆሞ የሚገፋው እዚያው ነው። የቆመበት ቦታ ሁሉ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ከጥልቀቱም አትሰስቱ። የኢንሰርቱ አፍንጫ ሬዲየስ 0.4 ከሆነ ከሁለት ሦስተኛው ማለትም ከ0.27 ሚሜ ገደማ በታች በሬዲየስ ብትሰጡት ከመቁረጥ ይልቅ ይገፋል፣ ባሩም ይሸሻል። ለመጨረሻው ቆረጣ አፍንጫው 0.2 የሆነ ኢንሰርት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ልኩን ለመምታት የሚሠራው ብልሃት እኩል ቆረጣ ነው። 6203 ኩሽኔታ ውጪው 40 ሚሜ ነው፤ መቀመጫው ኤች7 (የቀዳዳ ልክ ፈቃድ ደረጃ) ከሆነ ከ40.000 እስከ 40.025 ይፈቀዳል። ኢንሰርቱ አፍንጫው 0.2 የሆነው ነው፣ ቀዳዳውም ሲለካ 39.10 ላይ ነው እንበል። በዲያሜትር 0.30 ጨምራችሁ ቆረጣችሁ፤ 39.40 ጠብቃችሁ 39.38 አገኛችሁ። ባሩ ተለጥጦ ነው 0.02 የጎደለው። እንደገና 0.30 ስትጨምሩ መለጠጡ ያው ስለሆነ በትክክል 0.30 ይጨምራል፣ 39.68። አሁን 40.01 ለማግኘት 0.33 ትሰጣላችሁ፤ ከቀደሙት ሁለት ቆረጣዎች ጋር ስለሚቀራረብ ይመታል። 0.05 ብቻ አስቀርተው «ለጥንቃቄ» የሚቆርጡ ሰዎች ልካቸውን የሚስቱት መለጠጡ ስለሚቀየር ነው። በጣም ከተጠነቀቃችሁ በዚያው ልክ ትሳሳታላችሁ።

ዳያሉን ሁልጊዜ ወደ ትልቁ አቅጣጫ ብቻ አምጡት። ካለፋችሁት አንድ ሙሉ ዙር መልሱና እንደገና ቅረቡ፤ ከብሎኑ ጥርስ ላይ ያለው ላላነት በዚህ ብቻ ይጠፋል። ለመለካት ስታቆሙ ስለቱ እያሻሸ እንዳይወጣ ስፒንድሉን ቀድማችሁ አቁሙ። ከባድ ቆረጣ የተደረገበትን አሉሚኒየም ሞቅ እያለ አትለኩ። 40 ሚሜ ቀዳዳ በ10 ዲግሪ ሙቀት 0.009 ሚሜ ይሰፋል፤ ከተፈቀደላችሁ ልክ ሲሦው ሄደ ማለት ነው።

መንቀጥቀጥ ሲመጣ በቅደም ተከተል የምሞክረው ይህ ነው፦ የጠረጴዛውን ሁለቱንም አቅጣጫ ቆለፍኩ? ባሩ ማጠር ይችላል? ከዚያ ዙሩን በሲሦ መቀነስ፣ አመጋገቡን መጨመር፤ መቀነስ አይደለም። ባሩ ወፍራም ሊሆን የሚችል ከሆነ መቀየር። ኢንሰርቱን የምለውጠው መጨረሻ ላይ ነው። በየዙሩ አንድ ምት የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ከስፒንድሉ ማዕከል ውጪ ነው፤ ስለቱ አንዱን ጎን ብቻ እየነካ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቆረጣ ታገሱት።

ቀዳዳው ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ከወጣ ስለቱ እየደነዘ ወይም ባሩ እየሸሸ ነው፤ ዳያሉን ሳትነኩ አንዴ ደግማችሁ አሳልፉት። ቀዳዳው ልኩ ትክክል ሆኖ ዘመም ካለ ግን ሄዱን አትውቀሱ። በብዙ የጠረጴዛ ፍሬዛዎች ላይ የሚወርደው ኩዊል ሳይሆን ጭንቅላቱ በሙሉ ነው፤ የቀዳዳው አቅጣጫ የሚከተለውም ዓምዱን እንጂ ስፒንድሉን አይደለም። ስፒንድሉን ከጠረጴዛው ጋር አስተካክላችሁ ዓምዱ በ100 ሚሜ 0.1 ካዘመመ ቀዳዳው በዚያው ልክ ያዘማል። ስለዚህ ማዕዘን መለኪያ ጠረጴዛው ላይ አቁማችሁ ኢንዲኬተሩን ስፒንድሉ ላይ አስራችሁ ጭንቅላቱን በማውረድ ለኩ፣ በዓምዱ ሥር ቀጭን ቆርቆሮ አስገብታችሁ አስተካክሉ። ይህንን ከሄዱ በፊት የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው።

መጨረሻ ላይ ስለ ወደኋላ መዞር። ባሩን ሄዱ ዳር ባለው ቀዳዳ አስገብታችሁ ስለቱን ወደ ውስጥ ብታዞሩት ከሥራው ላይ ክብ ጉብታ በውጪው መቁረጥ ትችላላችሁ። ተራ ባር ሲሆን ግን ስለቱ እንዲቆርጥ ስፒንድሉ ወደኋላ መዞር አለበት፤ በጥርስ የተያያዘ ሄድ ያን ጊዜ ከሻንኩ ይፈታና ይወርዳል። ወይ ሻንኩ ወጥ የሆነ ሄድ ይኑራችሁ ወይ የግራ ባር ገዝታችሁ ወደፊት አዙሩ። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ምንጊዜም ስፒንድሉን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት፤ ዳር የወጣ ባር ከሞርሳው ወይም ከማሰሪያው ብሎን ጋር መጋጨቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።